ስድስቱ የባትሪ ጓዳዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ምንጭ ወርጄ የቀዳሁትን ጥርት ያለ ውሃ የኔታ ላቀው መሬት ላይ ደፉት።

እንስራውን ከጀርባዬ ሳላወርድ ነው የጠየቁኝ። «ከየት ቀዳሽው?» አሉ። «ከምንጩ ዓይን» አልኩ። ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሜ፣ ሳይደፈርስ እንደቀዳሁት እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ገለበጡት። «የምንጭ ውሃ ለሰው ነው፤ አፈርና ድንጋይ ቀምሷል። ባትሪ የሚጠጣው ከሰማይ ወርዶ ምንም ያልነካውን ውሃ ነው» አሉኝ። ባዶ እንስራ ታቅፌ አለቀስኩ። እሳቸውም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጡኝና «ዕንባም አይሆንም፤ ጨው አለበት» አሉ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቦታው እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ጣሊያኖች የጭነት ማኪኖቻቸውን የሚያሠሩበት ጋራዥ ነው። እናቴ ያስገባችኝ ውሃ እንድቀዳ ብቻ ነበር። አሁን ጣሊያን ወጥቷል፤ እኔም አሥራ ሰባት ሆኖኛል፤ ባትሪ ክፍሉን ግን አልለቀቅሁም። ሰሞኑን ሁለት አዲስ ሠራተኞች ስለተቀጠሩ «ይታይሽ፣ የምታውቂውን ጻፊላቸው» ተባልኩ። በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ የሥራ ዘመን ትዝታ ይጻፋል ወይ ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም። አራት ዓመት አራት ዓመት ነው። ደግሞም መጻፍ ደስ ይለኛል።

የኔታ ላቀው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ጦርነቱ ተማሪዎቻቸውን ሲበትንባቸው ለእንጀራ ብለው ጋራዥ ገቡ። ቁጥር አዋቂ ስለሆኑ ባትሪ ክፍሉ ተሰጣቸው። ከጥምጥማቸው በታች የቆዳ ሽርጥ ታጥቀው፣ አሲድ የሚመዝኑበትን ብርጭቆ እንደ መስቀል በሁለት እጃቸው ይዘው ሳያቸው ሳቄን መያዝ ያቅተኝ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ጣሊያናዊው የጋራዡ አለቃ ሳይቀር ስማቸው መስሎት «ሲኞር የኔታ» ይላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ትምህርቴ ዝናብ መቀበል ሆነ። ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ውሃ አይሆንም፤ ብረት ነክቷል። ሜዳ ላይ ጉልቻ እናስቀምጣለን፤ በላዩ የሸክላ ገበታ እንጥዳለን፤ መጀመሪያ የዘነበውን አቧራ አለበት ብለን እንደፋለን፤ ሁለተኛውን በነጠላ አጥልለን ዳሞጃና በምንለው በትልቁ ጠርሙስ እናስቀምጣለን። የክረምቱ ውሃ እስከሚቀጥለው ክረምት መድረስ ነበረበት።

ሁለተኛው ትምህርት አሲድ ነው። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ከረሳችሁ ይፈነዳና ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ልብስ ላይ ከተረጨ የአመድ ውሃ ቶሎ አፍሱበት። እኔ ቶሎ አላፈሰስኩም። እናቴ ቀሚሴን ፀሐይ ላይ ዘርግታ አየችውና «ልጄን ሥራ አስቀጠርኩ ብዬ ነበር፤ ለካ ወንፊት ኖሯል ያስቀጠርኩት» አለች። በማግሥቱ የኔታ ከአሮጌ የማኪና ወንበር የተቆረጠ የቆዳ ሽርጥ አመጡልኝ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርስ ነበር። አሁንም የምታጠቀው እሱኑ ነው፤ አሁን ጉልበቴ ላይ ነው።

ፊደል የቆጠርኩትም እዚያው ነው። የኔታ በየባትሪው ላይ በነጭ ቀለም ይጽፉ ነበር። «የሞላ»፣ «ውሃ የሚሻ»፣ «የሞተ»። ምን እንደሚል ስጠይቅ ይነግሩኛል፤ በማግሥቱ እኔ ለእሳቸው እነግራለሁ። በሁለተኛው ዓመት ብሩሹን ሰጡኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «የሞተ» ነው። ስጨርስ አዩትና «ሞቱ አምሮበታል» አሉ።

አሁን ስለ ባትሪው ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። የጭነት ማኪና ባትሪ ከውጭ አንድ ሣጥን ይመስላል። ውስጡ ግን በግድግዳ የተከፈለ ስድስት ክፍል ነው። እኛ ጓዳ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ጓዳ የራሱ አሲድ፣ የራሱ የእርሳስ ሰሌዳ፣ ከላይ የራሱ ክዳን አለው። እያንዳንዱ የሚሰጠው ሁለት ቮልት ነው። ከጓዳ ጓዳ በእርሳስ ድልድይ ስለተያያዙ ሁለቱ ስድስት ጊዜ ተደምሮ አሥራ ሁለት ይሆናል። ማኪናው የሚያውቀው አሥራ ሁለቱን ነው። ባትሪ ክፍል የሚሠራ ሰው ግን ስድስቱን ጓዳዎች አንድ በአንድ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ሥራዬ እነሱን መለካት ነበር።

ምንጭ ስወርድ አንዳንድ ሴቶች «የጣሊያን ውሃ ቀጂ መጣች፤ መንገድ ልቀቁላት!» ይሉኝ ነበር። አልመልስም። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ጮቄ ተራራ ሥር ከአርበኞች ጋር እንዳለ ብነግራቸው አፋቸውን በያዙ ነበር። ግን አይነገርም።

ደምሴ አልፎ አልፎ በቅዳሜ ገበያ ጭድ የጫነች አህያ እየነዳ እንደ ማንኛውም ገበሬ ከተማ ይገባል። በሦስተኛው ዓመቴ አንድ ቅዳሜ ቤት መጣ። እናቴ እግሩን ስታጥበው ቀና ብሎ «ይታይሽ፣ አንቺ ባትሪ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

ከጠላት ራዲዮ ማርከዋል። ከውጭ አገር በአማርኛ የሚነገረውን የጦር ወሬ የሚሰሙበት ሌላ መንገድ የላቸውም። ራዲዮው ሁለት ዓይነት ባትሪ ይፈልጋል። አንዱ ትልቅ ደረቅ ባትሪ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ሁለተኛው ውስጡ ያሉትን አራት የብርጭቆ አምፖሎች የሚያግል፣ የሁለት ቮልት ትንሽ ባትሪ ነበር። እሱ ከበቅሎ ላይ ወድቆ ተሰብሯል።

«የማኪና ባትሪ ማግኘት እንችላለን» አለ ደምሴ። «ግን ሌሎች ጓደኞቻችን የእነሱን ራዲዮ ከማኪና ባትሪ ጋር አገናኝተውት እንደ መብረቅ ብልጭ አለና አለቀ። አራቱም አምፖሎች በአንድ ጊዜ!»

«ያልቃላ! አሥራ ሁለት እኮ ነው» አልኩት። እንደ ትልቅ ሰው መናገሬ ደስ አለኝ።

«ራዲዮው ካልሠራ ወሬ የሚያመጣ ሰው ወደ ቆላ ይወርዳል። እስከ ሱዳን ጠረፍ ነው። መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ።»

እናቴ እግሩን ማጠብ አቆመች። አባታችን ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ነው የሞተው። ሲመለስ በሁለት ሰው ተደግፎ ነበር፤ ግንባሩ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። እናቴ የደምሴን እግር አልለቀቀችውም።

ሰኞ ለየኔታ ነገርኳቸው። ዘወር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ «አራቱ አምፖሎች ምን ያህል ይበላሉ?» አሉ። እንደማይነቅፉኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ያሰቡት ሽቦ ነበር። ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቀጭን ጥቅል ሽቦ ፈተው በባትሪውና በአምፖሉ መካከል አስገቡ። ሽቦው አሥራ ሁለቱን እየቀነሰ ሁለት ያደርገዋል ማለት ነው። ለሙከራ የራዲዮ አምፖል ስለሌለን የኪስ ባትሪ አምፖል አመጡ። እኔ ቸኩዬ፣ አምፖሉ ሳይገባ፣ በሽቦው ጫፍ ለካሁ። የቮልት መለኪያዋ መርፌ አሥራ ሁለት ላይ ቆመች።

«የኔታ፣ ሽቦው ምንም አልቀነሰም!»

«መንገደኛ የሌለው ዳገት ማንን ያደክማል?» አሉና አምፖሉን አስገቡ። መርፌዋ ወደ ሁለት ወረደች፤ አምፖሉም በራ። ሽቦ የሚቀንሰው በውስጡ የሚሄድ ነገር ሲኖር ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናንተም ምንም ሳታገናኙ ለክታችሁ አትፍረዱ።

ግን የኔታ ፊታቸው አልፈታም። ጣታቸውን ወደ ሽቦው አስጠግተው ቶሎ አሸሹ፤ ይፋጃል። «አየሽ? አምፖሉ የሚበላው አንድ እጅ ነው። አምስቱን እጅ ሽቦው በሙቀት በላው። ደግሞ ከአራቱ አምፖሎች አንዱ ቢነቀል የእሱ ድርሻ ለሦስቱ ይተርፍና ያቃጥላቸዋል። እዚያ ተራራ ላይ ይህን ማን ይጠብቃል?» አሉ።

 እኔ በልማዴ የባትሪውን ጓዳዎች መለካት ጀመርኩ። ሁለት። ሁለት። ሁለት። አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«የኔታ፣» አልኩ፣ «ሁለት ስድስት ጊዜ ተሠርቶ ተቀምጦልን ሳለ አሥራ ሁለትን ለምንድን ነው የምንቆርጠው?»

እሳቸው ቢላዋ አንሥተው የእርሳስ ድልድዮቹን የሸፈነውን ሬንጅ መፋቅ ጀመሩ። ሁለቱን ሽቦ በአንዱ ጓዳ ግራና ቀኝ አስነከሱት። አምፖሉ ያለ ምንም ሙቀት፣ ያለ ምንም ብክነት በራ። የኔታ ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፍተው እኔን አዩኝ። ከዚያ በኋላ «አንቺ ልጅ» ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። «ልጄ» ነው የሚሉኝ።

አንድ ነገር ቀረ። ራዲዮው ሁልጊዜ ከአንድ ጓዳ ብቻ ቢበላ ያ ጓዳ ይራቆታል፤ ሌሎቹ ሞልተው ይቀመጣሉ። በጥማድ አንዱን በሬ ብቻ እንደ መግረፍ ነው። ስለዚህ በየተራ መብላት አለበት። የኔታ «ስድስት ናቸው፤ በተራ ይሁን» አሉ። እኔ ደግሞ ዘልዬ «ስድስት የሥራ ቀን አይደል? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ! እሑድ ያርፋሉ!» አልኩ። የኔታ ሳቁ። «ባትሪውም ክርስትና ተነሣ በይኛ» አሉ።

ነጩን ቀለም አነሣሁ። በየጓዳው አጠገብ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ብዬ ጻፍኩ። ዓይኑን «ዓ» ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አጠፋሁት። እንደዚያ ያማረ ጽሕፈት ጽፌ አላውቅም ነበር። ከጋራዡ ወጥቶ ሰው የሚያነበው የመጀመሪያ ጽሕፈቴ እሱ ነው። በየድልድዩም ሽቦው እንዳይገለበጥ ቀይና ጥቁር ምልክት አደረግሁ።

ባትሪውን ማውጣት ቀላል ነበር። የሞቱ ባትሪዎች አሲዳቸው ግቢውን እንዳያበላሽ በአህያ ተጭነው በጨሞጋ ወንዝ መንገድ ካለው ገደል ይጣላሉ፤ አህያዋን የምነዳው እኔ ነኝ። ችግሩ አለቃው ነው። ከመጫኑ በፊት እያንዳንዱን ራሱ ያያል።

የእኛው ጋ ደረሰ። ሰኞ ማክሰኞን በጭቃ መርገን፣ በላዩ «የሞተ» ብለን ጽፈን ነበር። አለቃው በዱላው መታ አደረገውና በሰባራ አማርኛው «ሲኞር የኔታ፣ ይሄ ሞቷል?» አለ።

የኔታ ውሸት አይሆንላቸውም። 

«ለማኪና ሞቷል» አሉ።

እውነት ነው። የጭነት ማኪና ሞተር ማንቀሳቀስ የሚችል ጉልበት አልነበረውም። ለአራት ትናንሽ አምፖሎች ግን ገና ብዙ ዕድሜ ነበረው። አለቃው ራሱን ነቀነቀና «አዲዮ» ብሎ ባትሪውን ተሰናብቶ አለፈ። ገደሉ ጋ ደምሴ እየጠበቀ ነበር። እንዳይንጋደድ፣ ሲያበሩት ደግሞ ክዳኖቹን ትንሽ ፈታ እንዲያደርጉ ነግሬው ተለያየን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደምሴ እየሳቀ መጣ። «ተናገረ!» አለ። «ማታ ማታ ማዳመጫውን ጆሮአችን ላይ አድርገን እንሰማለን። የጦር መሪያችን 'ይህን የጻፈው የትኛው ደብተራ ነው?' አለኝ። እህቴ ናት ስለው ዋሸህ አለኝ።» ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት የቤቱን ግድግዳ በከሰል በቀናት ስም ሞላሁት። እናቴ አልተቆጣችም። ደምሴ ቆላ አልወረደምና ሰኞም ማክሰኞም ግድግዳዋ ላይ ቢውሉ ግድ አልነበራትም።

ባትሪው ሳይሞላ ቢያንስ አራት ወር ይቆያል ብለን አስልተን ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ደምሴ ቅዳሜ ገበያ መጣ። አህያዋ ላይ ከጭዱ ሥር ባትሪው ነበር።

«ሞተ» አለ። «እየደከመ እየደከመ መጣ፤ ከማክሰኞ ማታ ወዲህ ራዲዮው ዝም ብሏል። አምፖሎቹ ሳይቃጠሉ አልቀረም ይላሉ። ሰኞ ወደ ቆላ እንድወርድ ታዝዣለሁ። ሳልሄድ ይህን ልመልስላችሁ ብዬ ነው።»

እናቴ ገብስ መቁላት ጀመረች። ለበሶ ነው፤ ለስንቅ። ስትቆላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ግድግዳው ላይ የኔ ሰኞና ማክሰኞ አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ቤታችን መጡ። የአሲድ መመዘኛውን ብርጭቆ በጋቢያቸው ጠቅልለው አምጥተውልኛል። «በሰንበት ይሠራል?» አልኳቸው። «ጉድጓድ የወደቀን በግ በሰንበት ማውጣት ተፈቅዷል። ይልቅ በጉ ለነገ ስንቅ እየተቆላለት ነው፤ ቶሎ በይ» አሉኝ።

ክዳኖቹን ከፈትኩ። ብርጭቆው ውስጥ የምትንሳፈፈው ሚዛን ከፍ ካለች ጓዳው ሞልቷል፤ ከሰጠመች ባዶ ነው። ሰኞ መካከል ላይ ቆመች። ማክሰኞ ከፍ አለች። ረቡዕ ሰጠመች። ሐሙስ ከፍ አለች። ዓርብ ሰጠመች። ቅዳሜ ከፍ አለች።

እንደገና ለካሁ። ያው ነው። ሦስቱ ጓዳዎች ጨርሶ አልተነኩም። ሁለቱ ደግሞ እስከ ሥራቸው ተበልተዋል።

«ረቡዕና ዓርብ» አልኩ። «እነሱን ብቻ አብዝታችሁ ነው የተጠቀማችሁት!»

«ኧረ አላደረግንም! በየቀኑ በየስሙ ነው ያደረግነው። ማርያምን!» አለ ደምሴ።

የኔታ «ጾመኞቹ ናቸው የተራቡት» ብለው ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ ገብሱን አውርዳ መውቀጥ ጀምራ ነበር። የሙቀጫው ድምፅ እኔን የሚወቅጠኝ መሰለኝ።

«ማነው የሚያዳምጠው?» አልኩት።

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ዲያቆኑ። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነኝ። በሌላው ቀን መልእክት ይዤ ስለምሄድ እሱ ነው። እሑድ ራዲዮው አይከፈትም።»

«አንተ ሰኞ ማታ የትኛው ላይ ታደርጋለህ?»

«ሰኞ ላይ ነዋ።»

«ዲያቆኑ ማክሰኞ ማታስ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ማክሰኞ ላይ ነው እንጂ ሌላ የት...»

የኔታ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ» አሉ። «ዲያቆን ነው አልክ? የማክሰኞ ፀሐይ ጠልቃለች። ለዲያቆን ቀኑ በሠርክ ይገባል። ማክሰኞ ማታ ለእሱ ረቡዕ ገብቷል።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሰኞ ማታ ደምሴ፣ ሰኞ። ማክሰኞ ማታ ዲያቆኑ፣ ረቡዕ። ረቡዕ ማታ ደምሴ፣ ረቡዕ። ሐሙስ ማታ ዲያቆኑ፣ ዓርብ። ዓርብ ማታ ደምሴ፣ ዓርብ። ቅዳሜ ማታ ለዲያቆኑ ሰንበት ገብቷል፤ እኔም ለእሑድ ጓዳ አልጻፍኩም፤ ስለዚህ ዝም።

«ቅዳሜ ማታ ለምን አይሰማም እያልን እንጣላው ነበር!» አለ ደምሴ። «'የተጻፈልኝን ነው የምጠብቅ' ይለናል።»

«እሱም ልክ ነው» አሉ የኔታ። «አንተም ልክ ነህ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኛ» አልኩ።  ያ ሁሉ ያማረ ጽሕፈት ወንድሜን ወደ ንዳድ ሊልከው አንድ ቀን ቀርቶታል።

 «እኔም አንብቤ አሳለፍኩት» አሉ የኔታ። «ሠላሳ ዓመት በሠርክ ቀን ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጋራዥ ስውል ረሳሁት። ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው። አሁን አሳዪው፤ ራዲዮው ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

የኪስ ባትሪውን አምፖል አወጣሁ። ረቡዕ ላይ ሳደርገው እንደሚጠፋ ፍም ቀላ ብሎ ቀረ። ማክሰኞ ላይ ሳደርገው ቦግ አለ። የደምሴ ፊት ታየኝ። ሐሙስ ላይ፤ ቦግ። ቅዳሜ ላይ፤ ቦግ።

«አምፖሎቻችሁ አልተቃጠሉም» አልኩት። «ከሁለት ቮልት በላይ አግኝተው አያውቁም። ተርበው ነው ዝም ያሉት። ወደ ቆላ ሳይሆን ወደ ራዲዮው ተመለስ።»

«ትእዛዝ ነው፣ ይታይሽ። ራዲዮው ባይናገርስ?»

«ነገ ማታ ራዲዮው ካልተናገረ ማክሰኞ ትወርዳለህ። አንድ ቀን ብቻ ነው የምለምንህ።»

ሙቀጫው ቆሟል። እናቴ ዘነዘናውን እንደያዘች ደምሴን ታየዋለች። እሱም እሷን አየና «እሺ፤ አንድ ቀን» አለ።

ቢላዋ አንሥቼ ጽሕፈቴን ፋቅሁት። ከሰኞ ጀምሬ እስከ ቅዳሜ፣ ስድስቱንም። ሲያልቅ ባዶው ጥቁር ሣጥን ቀረ። የሚነበብ ሳይሆን በእጅ የሚንቀሳቀስ ምልክት ያስፈልገን ነበር። ዙሪያዬን ሳይ የእናቴን እንዝርት አየሁ። ፈትሉን በጥሼ እንደ ቀለበት አሰርኩት። አሲድ ጥጥ እንደሚበላ ከእኔ ቀሚስ በላይ የሚመሰክር የለም፤ ስለዚህ እናቴ ሰም አቅልጣ ነከረችልኝ።

«ይህ ቀለበት ያለበት ክዳን የዛሬው ጓዳ ነው» አልኩት። «አዳምጦ ያጠፋ ሰው ቀለበቱን ወደ ቀኝ፣ ወደሚቀጥለው ክዳን ያሻግር። ጫፍ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ቀኑ ማን ይሁን ማን ግድ የለም። ረቡዕና ዓርብ የነበሩትን ዝለሏቸው፤ ክዳናቸውን በጭቃ ደፍኜዋለሁ።»

«እስቲ አሳየኝ» አልኩ ደግሞ። ቀለበቱን አንሥቶ አሻገረው። «ደግመህ።» ደገመ። «እናንተስ?» አልኩ። የኔታ አሻገሩ። እናቴም መጥታ፣ ባትሪ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ሁለት ጣቷን እንደ ወፍ ምንቃር አድርጋ ቀለበቱን አነሣችና ወደ ቀኝ አሻገረችው። «ይቺ ናት እንዴ ሥራሽ?» አለችኝ። ሳቅን። ከቅዳሜ ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ደምሴ ባትሪውን ጭኖ ወጣ። እናቴ በሶውን አስይዛዋለች፤ ወደ የትኛውም ይሂድ ስንቅ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ወሬ የለም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። እነዚያን ቀናት በግድግዳው ላይ ማየት ስላልቻልኩ በነጠላዬ አበስኳቸው። ጋራዥ ውስጥ አንድ ዳሞጃና ሰበርኩ። የኔታ ስብርባሪውን አብረውኝ ለቀሙ እንጂ አልተቆጡኝም።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ አህያ በራችን ላይ አናፋች። ደምሴ ነበር። ገና ሰላም ሳይል እናቴ ወጥታ መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገች። እዚያው ቆየች። «ቀዝቃዛ ነው» አለች። «ቀዝቃዛ ነው፣ ልጄ።» ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

«ሰኞ ማታ ተናገረ» አለኝ ደምሴ። «ዲያቆኑ ቀለበቱን እንደ ታቦት ነው የሚያሻግረው። ጫማውን ያወልቃል ብዬ እፈራለሁ።» በሶውን ሳይነካ መልሶ አምጥቶት ነበር። በውሃ በጥብጠን ቁጭ ብለን ጠጣነው።

ሁለቱ ጓዳዎች ዳግም አልተነሡም፤ ባዶ ሆነው ብዙ ስለቆዩ ሰሌዳቸው ነጭ ሆኖ ተበላሽቷል። አራቱ ግን ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ አገለገሉ። በሞላነው ቁጥር በጭቃ መርገን «የሞተ» እያልን አስወጣነው። ሦስት ጊዜ ሞተ።

ባትሪው አሁን እዚሁ ክፍላችን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። የተፋቀው ቦታ ላይ ጣታችሁን ብታሳልፉ የ«ሐሙስ» ሐ እግሮች ይሰማችኋል። ሰም የነካው ፈትልም ክዳኑ ላይ አለ።

ሌላ ሰው የሚይዘው ዕቃ ላይ ከጻፋችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ሰውየው አንብቦ በእጁ ሠርቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ሁለት ሰዎች የሚይዙት ከሆነ ሁለቱንም።